እግርሽን ልጠብሽ

ዳምቦያ፣ ኅዳር 12 ቀን 1976 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለጴጥሮስ፣ ለዩኒቨርሲቲው አስተማሪ፤

ደብዳቤህ ደረሰኝ። ጌታ ይመስገን ሁላችንም አለን። ቀይዋ ላም ወለደች፤ ሱቄም ጫማ ሲገኝ ይሸጣል፣ ሲጠፋ እኔው ቁጭ ብዬ እጠብቀዋለሁ። ስለ እግሬ የጠየቅኸኝን ተወው። በዚህ ቤት እግር ተጠይቆ በቃ።

በጥር መጨረሻ ተማሪዎችህን ይዘህ ወደ አገርህ ልትመጣ መሆንህን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። መጥቶ የማይለቅ በሽታን ከመምጣቱ በፊት መከላከል ነው አይደል የምታስተምራቸው? ስኳሩን፣ የደም ብዛቱን፣ የእግር እብጠቱን። ጎሽ። እንግዲህ ለተማሪዎቼ ለመታየት የሚፈቅድ እግሩ ያበጠ ሰው ዳምቦያ ውስጥ ታውቂያለሽ ወይ ብለሃል። ፈቃዱን እንጃ እንጂ እግሩን አውቃለሁ። እንዲህ ያለ እግር በመጽሐፍህም ውስጥ የለ።

አክሊሉ ተገኘ ነው።

አዎን፣ ያው አክሊሉ፤ ሊያገባኝ ሽማግሌ ልኮ የተወኝ። ዛሬ የገበሬ ማኅበራችን ሊቀመንበር ነው፣ ጓድ አክሊሉ። ቦት ጫማውን በበጋም በክረምትም አያወልቅም። ሰዉ ወታደር መምሰል አማረው ይለዋል፤ እኔም እንደዚያው እል ነበር። በመስከረም ጫማ ላመጣ ሆሳዕና ስሄድ ገብረክርስቶስ ጫማ ሰፊው አንድ ጥቅል ሰጠኝና ይህን ለሊቀመንበራችሁ አድርሺልኝ አለኝ። እሱ የጉራጌ ሰው ነው፣ የእኛን የቆየ ጉድ ከየት ያውቃል? መኪና ላይ ፈታሁት። የቀኙ የሰው ጫማ ነው። የግራው ሕፃን ያስተኛል። ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ እስኪያየኝ ድረስ ሳቅሁ።

አንተ ያኔ ትንሽ ስለነበርክ የማታስታውሰውን ልንገርህ። ሽማግሌዎቹ ነገሩን ከጨረሱ በኋላ እናቱ አስናቀች ለብቻዋ ቤታችን መጣች። ውሃ አሙቁልኝ አለች። ከዚያም እናታችንን፣ “እህቴ፣ እንግዲህ ዘመድ ሆንን፤ እንደ ጌታችን እግርሽን ልጠብሽ” አለቻት። እናታችን አለቀሰች። ያን የመሰለ የሀብታም ሚስት ጎንበስ ብላ እግሯን ልታጥባት ነዋ! ዕድሜዋን ሙሉ በቀሚሷ ጫፍ ሸፍና የኖረችውን ያበጠ እግር አውጥታ ሰጠቻት። አስናቀች ፊቷ ምንም ሳይለወጥ አጠበች፣ አደረቀች፣ ስማን ሄደች። በሳምንቱ “በዘራችሁ እብጠት አለ” ተብሎ ጋብቻው ፈረሰ። ልታጥብ ሳይሆን ልታይ ነበር የመጣችው። አገር ሰማ፤ ከዚያ ወዲያ እኔን ብሎ ደጃችንን የረገጠ የለም። እናታችንም እስክትሞት ማንም እግሯን እንዲነካው አልፈቀደችም።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ስትመጣ ያንን ቦት በሕዝብ ፊት አስወልቅልኝ። ሌላ ነገር ለምኜህ አላውቅም። ደግሞ ይህን መልስልኝ፦ በሽታው በዘር ከሆነ እነዚያ ንጹሕ ዘር ነን ባዮች ከየት አመጡት?

እህትህ ገነቴ

*

አዲስ አበባ፣ ኅዳር 29 ቀን 1976 ዓ.ም.

እትዬ ገነቴ፣

በመዘግየቴ ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ፈተና ሳርም ነው የሰነበትኩት። የላክሽልኝ ቆጮና ቅቤ ደርሶኛል፤ አብረውኝ የሚያስተምሩት ቀምሰው መርቀውሻል።

አታስታውስም ያልሽውን አስታውሳለሁ። አስናቀች ጎንበስ ስትል ከጸጉሯ ይሸት የነበረውን ቅቤ ሳይቀር አስታውሳለሁ።

ለጠየቅሽኝ መልሱ ይኸውልሽ። በሽታው ከደም አይደለም የሚመጣው፤ ከአፈር ነው። ቀዩ አፈራችን ውስጥ ዓይን የማያየው ደቃቅ ነገር አለ። ለዓመታት በባዶ እግሩ የሄደ ሰው ቆዳው ውስጥ እየገባ ፈሳሽ የሚያልፍበትን ቧንቧ ይዘጋበታል፤ እግሩም ያብጣል። ቀስ ብሎ ይመጣል፣ ከመጣ በኋላ አይሄድም። ዘር ጭራሽ ድርሻ የለውም ብዬ አልዋሽሽም፤ ቆዳው ቶሎ የሚሸነፍ ቤተሰብ ይኖራል። ነገር ግን ይህን አፈር ያልረገጠ እግር፣ ከማንም ይወለድ፣ እንዲህ አያብጥም። መከላከያው ጫማና ሳሙና ነው። ሌላ ጥበብ የለውም።

ይህን ለተማሪዎቼ ሳስተምር ስም ሳልጠራ የሁለት ቤት ታሪክ እነግራቸዋለሁ። በእኛ አገር እርሻ በጫማ የወረደ ሰው “የሚደብቀው አለ” ይባላል። ስለዚህ ንጹሕ ነኝ የሚለው ቤት ጫማ መግዛት እየቻለ እግሩን ሊያሳይ በባዶው ይሄዳል። አቶ ተገኘ ልጆቹን በባዶ እግራቸው አሰልፎ ዳምቦያ ገበያ ሲገባ ትዝ ይልሻል? ነውረኛ የተባለው ቤት ደግሞ ሰው እንዳያይበት ልጆቹን ያለ ጫማ ከደጅ አያስወጣም። እናታችን ከዚያ ቀን በኋላ በጫማ ልታስተኛን ምን ቀራት? እነሱን ኩራታቸው አሳበጣቸው፣ እኛን ሃፍረታችን አዳነን። 

የለመንሽኝን ግን አላደርገውም። ሕመምተኛ ካልፈቀደ ገላው አይታይም፤ ለተማሪዎቼ በመጀመሪያው ቀን የማስተምረው ይህንን ነው። ልብህ ስላልፈለገ ነው እንዳትዪኝ። ፈልጓል። እምቢ የምለውም ስለፈለገ ነው።

የአክሊሉ ልጅ ትርፌ ታጨች ሲሉ ሰማሁ፣ እውነት ነው? ስለ እግርሽም ዝም ብለሻል። ወንድምሽ ነኝ፣ ሙያዬም ይኸው ነው። ካበጠ ንገሪኝ።

ወንድምሽ ጴጥሮስ

*

ዳምቦያ፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 1976 ዓ.ም.

ጴጥሮስዬ፣

“ከአፈር ነው” ያልክበትን ቦታ ደጋግሜ አነበብኩት። ከዚያ ደብዳቤህን ይዤ እናታችን መቃብር ሄድኩና በከምባትኛ እያደረግሁ አነበብኩላት፤ አማርኛ አይገባትም ነበር። መንገደኛ ቆሞ አየኝ። ይየኝ።

ስለ እግሬ ደግመህ ጠየቅኸኝ። እኔም ደግሜ ተወው እልሃለሁ።

የትርፌ እውነት ነው። አንጋጫ ላለ ለአቶ ማቴዎስ ልጅ ታጭታለች፤ ትልቅ ቤት ነው፣ ዘር የሚያጣራ ቤት። ልጅቱ ጥሩ ልጅ ናት፤ ጥሩ መሆኗ ራሱ ያናድደኛል። መንገድ ላይ ስታገኘኝ ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ልትስም ትላለች። እኔ ማን እንደሆንኩ የነገራት የለም መሰለኝ።

አሁን ዋናውን ስማ። ከሦስት ሳምንት በፊት አክሊሉ ሱቄ ድረስ መጣ። የግራው ቦት ጎኑ ተተርትሯል። ራሱ ሆሳዕና እንዳይሄድ አውራጃው ሁሉ ያውቀዋል፤ ሌላ ሰው እንዳይልክ ሚስጥሩ ይወጣበታል። ገነቴ፣ በመስከረም ያየሽውን ለሰው አልነገርሽም፣ አንቺ ጨዋ ነሽ አለኝ። ፊቱን አየሁት። የሚያስመስል አይመስልም፤ በእውነት ረስቶታል! ሰው እንዴት ይህን ያህል ይረሳል? እሺ ጓድ ሊቀመንበር ብዬ በዚያው ምሽት ሁለቱንም ከቤቱ ተቀበልኩት።

ገብረክርስቶስ አሳምሮ ሰፍቶታል። ካመጣሁትም ሰነበትኩ። ከአልጋዬ ሥር ነው ያለው፣ ተማሪዎችህ እስኪመጡም ከዚያ አይወጣም። ሊቀመንበሩ በጋቢ ተሸፋፍኖ ቤቱ ተቀምጧል፤ ሰዉ ወባ ያዘው ይላል። መልእክተኛ ሲልክብኝ ጫማ ሰፊው ቆዳ አጣ እላለሁ። ተማሪዎቹን እንዲቀበል ደግሞ ከአውራጃ ትእዛዝ ወርዶለታል፣ ከቀረ ይጠየቃል። ሕመምተኛ በግድ አይገለጥም ብለሃል። እኔም አላስወለቅኩትም፤ እንዳያጠልቅ ብቻ ነው ያደረግኩት። ይህን ለተማሪዎችህ አስተምራቸው።

እህትህ ገነቴ

*

አዲስ አበባ፣ ጥር 8 ቀን 1976 ዓ.ም.

እትዬ፣

ፖስታው ስለሚዘገይ ይህን በሰው እጅ ልኬዋለሁ። ሰላምታውን ሌላ ጊዜ እጽፈዋለሁ። ቦቱን መልሺለት።

ያደረገብሽን አድርጎብሻል፣ አንድም ቃል አልክድሽም። አሁን የያዝሽው ግን የሕመምተኛ ጫማ ነው። ያ እግር በባዶው በተራመደ ቁጥር ይቆስላል፣ ይመግላል፤ እናታችን ስታቃስት አብረን ሰምተናል። ደግሞ የምትጫወቺው ከሊቀመንበር ጋር ነው። ጸሎት ቤታችንን አሽጎ ቁልፉን በኪሱ የያዘው እሱ መሆኑን የነገርሽኝ አንቺው ነሽ። ፀረ አብዮት ናት ብሎ ቢፈርምብሽ ማን ያወጣሻል? ትርፌስ? እሷ ያኔ አልተወለደችም።

ቤቱን ልጥረግልህ ወይ ብለሻል በመልእክተኛው። አትጥረጊ። ዳምቦያ አልመጣም። ሆመቾ ከሚመደቡት ተማሪዎች ጋር እሆናለሁ፤ ዳምቦያ የሚመጡትን እህተማርያም የምትባል አብራኝ የምታስተምር ሴት ይዛቸው ትመጣለች። ምክንያቴን ብነግርሽ ይሻላል። አስናቀችን ፊት ለፊት ካየኋት የተማርኩት ሁሉ የሚያቆመኝ አይመስለኝም። እኔም ከአንቺ ጋር አንድ ማሕፀን ነኝ።

መልሺለት።

ጴጥሮስ

*

ዳምቦያ፣ የካቲት 4 ቀን 1976 ዓ.ም.

ወንድሜ፣

እህተማርያም ምን ነገረችህ? ጨዋ ሴት ናት፣ ግማሹን ትታልህ ይሆናል። ሙሉውን ከእኔ ስማ።

ቦቱን አልመለስኩም።

ተማሪዎችህ ግሩም ልጆች ናቸው። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ሰዉ ክንዱን በዚያ በሚነፋ ነገር ለማስጨመቅ ተጋፋ። ጨው ቀንሱ ሲሉ ሴቶቹ አጉረመረሙ፤ ቆጮ ያለ ጨው ምን ሊሆን ነው? ቀዩ አፈር እግር ያሳብጣል ሲሉማ አንዱ ሽማግሌ፣ እንግዲያው ድንቹ እዚያው ውስጥ እየኖረ ለምን አይታመምም ብለው ሁላችንንም አሳቁን።

አክሊሉ ከሰው ሁሉ ቀድሞ መጥቶ ቀይ ጨርቅ ከለበሰው ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጧል። እግሩ አይታይም። እናቱ አጠገቡ ናት። ከወዲያ በኩል የአንጋጫ አማቾች፣ አቶ ማቴዎስና ሽማግሌዎቹ። ሥልጣኑን እንዲያዩለት ጠርቷቸው ነው። ጌታ ሲያዘጋጅ እንዲህ ነው።

እህተማርያም እግሩ ያበጠ፣ እንዴት እንደሚታጠብ ለሕዝቡ እንድናሳይበት በፈቃዱ የሚወጣ አለ ወይ ብላ ጠየቀች። ማንም አልተነሣም። እኔ ተነሣሁ። ሰዉ እንደጠረጠርነው አብጧል ብሎ እርስ በርሱ ተያየ። ከቤቴ ያመጣሁትን ሳፋ ውሃ ቀዳሁበት። ቦቱን ከጥቅሉ አወጣሁና ጓድ ሊቀመንበር ፊት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት፤ የቀኙንና የግራውን ጎን ለጎን። ለእሱ አንድ ቃል አልተናገርኩም። ሳፋውን አስናቀች እግር ሥር አኖርኩና፣ “እማማ አስናቀች፣ እርስዎ ያውቁበታል። እንደ ጌታችን ይጠቡት” አልኳት።

በስብሰባ መካከል “ጌታችን” ማለት ምን እንደሚያመጣ አውቃለሁ። ያምጣ።

አክሊሉ ተነሥቶ ውሰዷት ይላል ብዬ ጠበቅሁ። ለመነሣት ግን እግር ያስፈልጋል። እናቱ ሳፋውን ታያለች፣ እኔን አታየኝም። አዳራሹ ውስጥ ያሉት አሮጊቶች በሙሉ ነገሩ ገብቷቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።  ከዚያ እሱ ራሱ ወንበሩን ወደ ጎን አዞረና የተጠቀለለበትን ጨርቅ ፈቶ እግሩን አወጣ። ማንም አልነካውም፤ እህተማርያምን ጠይቃት።

አጠበችው። ዳምቦያ ሁሉ እያያት አጠበችው። ተማሪዎችህ አጠገቧ ተንበርክከው በጣቶቹ መሃል፣ በሳሙና፣ አሁን ያድርቁት፣ አሁን ቅባት ይቀቡት እያሉ አሳዩአት። በየቀኑ ነው እማማ፣ ዕድሜ ልክ አሏት። ጴጥሮስዬ፣ “ዕድሜ ልክ” የሚለው ቃል አጥንቴ ድረስ ጣፈጠኝ። አልዋሽህም፣ እንደዚያ የጣፈጠኝ ነገር የለም።

አማቾቹ ሳይሰናበቱ ወጥተው ሄዱ።

ሁሉም ሲበተን ትርፌ ሳፋውን አንሥታ ውሃውን ደፋች። ወንዝ ወርዳ በአሸዋ ፈትጋ አጥባው ሱቄ ድረስ አመጣችልኝ። እትዬ፣ ሳፋሽ አለችኝ።  ማን እንደሆንኩ አሁን ነግረዋታል፤ ከዓይኗ አወቅሁ።

ከዚያ ወዲህ እህል አይወርድልኝም። ተጸጽቼ አይደለም፣ ተናድጄ ነው። ሳፋዬን ምን ልትሆን ታጥባለች?

ገነቴ

*

ሆሳዕና፣ የካቲት 18 ቀን 1976 ዓ.ም.

እትዬ ገነቴ፣

የተማሪዎቹን ሪፖርት እስክንጨርስ እዚሁ ሆሳዕና ነን። እህተማርያም ሩቡንም አልነገረችኝ። ሕመምተኛው በፈቃዱ ወጣ፣ እናቱም ጎበዝ ተማሪ ናት ብቻ ነው ያለችኝ።

ደብዳቤሽን ሳነብ ምን እንደተሰማኝ ጠይቀሽ ነበር በላክሽው ሰው። ሳቅሁ። ክፍሌን ዘግቼ ሳቅሁ፤ ይህን ለተማሪዎቼ አልነግራቸውም። ሳፋው ጋ ስደርስ ግን ሳቁ አፌ ላይ ደረቀ። ያቺ ልጅ እኮ አንቺን ነው የሆነችው። በአንድ ቀን፣ በአንድ ሳፋ ውሃ። ይህን ልወቅስሽ አልጽፍም፤ ዳምቦያ ብመጣ ኖሮ ልከለክልሽ እችል ነበር፣ ስለፈራሁ አልመጣሁም።

ለአቶ ማቴዎስ ልጽፍላቸው ብዕር አንሥቼ ተውኩት። የዩኒቨርሲቲ ማኅተም ያለበት ወረቀት ለእነሱ ምን ነው? አፈር ነው፣ ዘር አይደለም ብል ለሥራው ሲል ነው ይሉኛል። እነዚያ ሽማግሌዎች በዓይናቸው ያዩትን ካልሆነ አያምኑም። ምን ላሳያቸው?

ታሥረሻል ብሎም ሰው ነግሮኝ አላመንኩም። በቶሎ ጻፊልኝ።

ጴጥሮስ

*

ዳምቦያ፣ መጋቢት 12 ቀን 1976 ዓ.ም.

ወንድሜ ጴጥሮስ፣

አልታሠርኩም። ዋለ የሚባለው የአብዮት ጥበቃ ወሰደኝ፣ ቀን ሙሉ አግዳሚ ላይ አስቀመጠኝ፣ ከዚያ ወደ ቤትሽ ሂጂ አለኝ። ክሱን የሚፈርመው ሊቀመንበሩ ነው፣ አልፈረመም። ለምን እንዳልፈረመ አልጠየቅሁም። ውለታ ሊያስቆጥርብኝ ከሆነ አልቆጥርለትም።

ምን ላሳያቸው ያልከውን ብዙ አሰብኩበት። አንተ የምታሳያቸው የለህም፤ እኔ ግን አለኝ። አክሊሉን አንጋጫ ከልጅህ ጋር ተከተለኝ ብዬ ላክሁበት። ሊቀመንበር ታዞ መጣ፣ ቦቱን አድርጎ።

አቶ ማቴዎስ ቤት ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ነበር። አንዱን አወቅሁት፤ ያኔ ለአክሊሉ ሽማግሌ ሆነው ቤታችን ከመጡት ነው። እሱም አወቀኝና አንገቱን ደፋ። ይቺን ልጅ በአባቷ እግር ትታችኋት እንደሆነ እኔን በእናቴ እግር ያስተዋችሁኝ እናንተው ናችሁ አልኳቸው። ከዚያ ጫማዬንና ካልሲዬን አወለቅሁ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ከእናታችን በቀር እግሬን ያየ ሰው አልነበረም፤ አንተም አላየኸውም። አገሩ ሁሉ አብጦባት ነው የምትደብቀው ሲለኝ ኖሯል፣ አንተም በልብህ እንደዚያው ብለሃል። አላበጠም። አልደበቅኩትም፤ ከልክዬው ነው። ያቺ ሴት የእናቴን እግር አይታ ከወጣች በኋላ የእኔን ማንም አጣርቶ ልክ ነሽ እንዳይለኝ ማልኩ። መሐላዬን ለትርፌ አፈረስኩት፤ ለሌላ ለማንም አላፈርሰውም ነበር።

ሽማግሌው ጎንበስ ብሎ አየ። ማየት ልማዱ አይደል? ጣቶቼን፣ ተረከዜን፣ ቁርጭምጭሚቴን አየ። ቀና ሲል ዓይኑ እንባ አቅርሯል። “የዚያች ሴት ልጅ ነኝ፣ ዘሬ ይኸው ነው። ጫማ አድርጉላት፣ ልጆቿም እንዲህ ይሆናሉ” አልኩት። ትንሽ ወደ ውጭ ወጥተው ተማከሩ። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው። የሙሽራ ጫማዋን ከእኔ ሱቅ ነው የምትወስደው፣ እምቢ ብትልም።

አስናቀች በየጠዋቱ ታጥበዋለች። እብጠቱ ትንሽ ጎደለ ይላሉ፤ ይጉደል። እሷ ማጠቧን እንዳታቆም እንጂ ሌላው አያገባኝም። ይቅር በያቸው ብለህ እንዳትጽፍልኝ፤ አላልኩም፣ አልልምም።

አክሊሉ በሩ አጠገብ ቆሞ ነበር። እግሬን አየው። የተወውን ነው ያየው፤ ይህን ሁሉ ዓመት እንከን ያልነበረበትን።  ትርፌ ተንበርክካ ጫማዬን ልታጠልቅልኝ ስትል ቆይ አልኳት። እሱ አይቶ እስኪጨርስ ድረስ ለማጥለቅ አልቸኮልኩም።

እህትህ ገነቴ